«ገብቷችኋል?» እና ሌሎች መምህራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሌዳው በክፍልፋይ ስሌት ሞልቷል፤ ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቷል። መምህሩ ዞር ብሎ «ገብቷችኋል?» ይላል። 60 ተማሪ በአንድ ድምፅ «አዎ፣ ቲቸር!» ይመልሳል። ሰሌዳው ይጠፋል፣ በማግስቱ ቀጣዩ ርዕስ ይጀመራል።

ከስህተቶች ሁሉ የሚያንገበግበው ይህ ነው። በ60 ጓደኛ ፊት «አልገባኝም» ማለት ለአንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከባድ ነው፤ ታላቅ ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ጨዋነት እንደሆነ እየተነገረው ያደገም ብዙ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ያልገባው ልጅ እንዳልገባው አለማወቁ ነው። 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ የሠራ ልጅ ከልቡ ነው «አዎ» የሚለው። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል፤ በማባዛት ጊዜ እንዲሁ ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ሲሠራ ስላየ ደንቡ አንድ መስሎታል። «ተሳስተሃል» ቢባል የሚማረው ነገር የለም። «ግማሽ ዳቦ ነበረህ፤ ሲሶ ጨመሩልህ። አሁን ያለህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ሲባል ግን 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ ራሱ ያየዋል።

ስለዚህ «ገብቷችኋል?» በሚባልበት ሰዓት አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። እያንዳንዱ ተማሪ በሩብ ወረቀት ይመልስ፤ ለ60 ልጅ 15 ሉክ ይበቃል። ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ትክክል፣ መንገዱ ትክክል ሆኖ ስሌቱ የተሳሳተ፣ መንገዱ ራሱ የተሳሳተ። ማርክ አይሰጥበትም፤ ማርክ ካለበት ይኮራረጃሉ። በሦስተኛው ክምር ያሉት አምስት ስድስት ከሆኑ በማግስቱ የክፍል ሥራ ሲሠራ ፊት ሰብስባችሁ አሳዩአቸው። 20 ከደረሱ ግን አዲስ ርዕስ መጀመር የለም፤ ያው ትምህርት በሌላ መንገድ እንደገና ይሰጥ።

የጥያቄው አመራረጥ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «0.35 እና 0.2 የትኛው ይበልጣል?» ብትሉ ከነጥብ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር የሚያነብ ልጅም 35 ከ2 ይበልጣል ብሎ 0.35 ይላል፤ መልሱ ትክክል ስለሆነ ስህተቱ ተደብቆ ያልፋል። 0.2ን በ0.7 ተኩት። ያው ልጅ አሁንም 0.35 ይላል፣ ችግሩም ያን ጊዜ ይታያል።

ሌላው ችኮላ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል እንደሆነ አሳይታለች፤ ጥበቃው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። እኛ ጋ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» የሚሉት አራቱ ልጆች ያንን ሰከንድ ይወስዱታል። ጠይቁ፣ በሆዳችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ከዚያ ስም ጥሩ። ስሙ ከጥያቄው ከቀደመ የተቀሩት 59 ማሰብ ያቆማሉ።

የ1ለ5 ቡድንን ለጎበዙ ልጅ አስረክቦ መቀመጥም የተለመደ ነው። እርሱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። እስክርቢቶውን መሪው አይያዝ፤ መልሱን ደግሞ እናንተ የመረጣችሁት አባል ያስረዳ።

«ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ልጁን ደስ ያሰኘዋል፣ ምን እንዳደረገ ግን አይነግረውም። «ከመደመርህ በፊት ታህቱን አንድ ማድረግህ ጥሩ ነው» ከተባለ ነገም ይደግመዋል።

ደብተር ላይ «ታይቷል» ብሎ መፈረም እንዲሁ ለልጁ የሚጨምርለት ነገር የለም። 60 ደብተር በሁለት ሁለት ደቂቃ ሁለት ሰዓት ይፈጃልና ሰዉ ወደ ፊርማ ቢሄድ አይገርምም። በቀን 12 ደብተር ብቻ ሰብስቡ፤ በአምስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ጻፉ፦ «ሦስተኛውን መስመር እንደገና ሥራው»።

ማንበርከክና ኩርኩም ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል፣ ፈርቶ የተቀመጠ ልጅም አይጠይቅም።

በመጨረሻ ዝምተኛውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ መደምደም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠት በሚጀምርበት ዓመት ዝም ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ ያጣው ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። መጀመሪያ በአማርኛ ያስረዳ፤ ከዚያ የዕለቱን አምስት ስድስት ቁልፍ ቃላት ሰሌዳው ጥግ ላይ ትታችሁለት በእንግሊዝኛ ይሞክር። ኋላ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ደብተሩን ከሰሌዳው ጋር አስተያዩት። 3 የነበረው 8፣ «ሰ» የነበረው «ለ» ሆኖ ከተገለበጠ፣ ወይም ልጁ ሰሌዳውን ትቶ ከጓደኛው ደብተር የሚጽፍ ከሆነ፣ ያንኑ ቀን አንደኛው ረድፍ ላይ አስቀምጡትና አንድ መስመር አስነብቡት። ከፊት ሆኖ አጥርቶ ካነበበ ወላጆቹን ጥሩና ዓይኑን እንዲያስመረምሩት ንገሯቸው።