ሰኞ ጀምሩ የሚለው ሥራና የሚያስጠብቀው ሥራ

“አንድ ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ በሰዓት 23 ዶላር ሊያሠራኝ ነው። ሆስፒታል ደግሞ በ19 ዶላር ቋሚ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ወረቀቱ ግን ገና አላለቀም። የትኛውን ልያዝ?” በዲቪም ሆነ በቤተሰብ መጥተው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ቤት ያረፉ ሰዎች ይህንን ጥያቄ ሳያቋርጡ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ማስረዳት ስለታከተኝ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

መልሴ አጭር ነው። ቋሚውን ያዙ፤ የቋሚው ወረቀት እስኪያልቅ በጊዜያዊው ሥሩ። ሁለቱ አይጣሉም። አሜሪካ ውስጥ ከሞንታና ግዛት በስተቀር አሠሪ ምክንያት ሳይሰጥ ሊያሰናብታችሁ ይችላል፤ እናንተም ምክንያት ሳትሰጡ መልቀቅ ትችላላችሁ። የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ መስጠት መልካም ልማድ ነው እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ “ኤጀንሲውን እሺ ካልሁ በኋላ እንዴት እተዋለሁ” ብላችሁ አትጨነቁ። እነሱ ሥራው ሲቀዘቅዝ በአንድ የስልክ መልእክት ያሰናብቷችኋል።

ቋሚ ስል አገር ቤት የምናውቀውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ማለቴ አይደለም። እዚህ ከሥራ የማያስወጣ ደብዳቤ የለም። ልዩነቱ ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚመጣው ነገር ነው። 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው የጤና ኢንሹራንስ እንዲያቀርብ፣ ካላቀረበ ቅጣት እንዲከፍል ሕጉ ይደነግጋል። ኢንሹራንሱ እስኪጀምር የሚያስጠብቋችሁ ጊዜም ከ90 ቀን መብለጥ የለበትም። በዚህ የተነሣ 28 ሰዓት ብቻ የሚሰጣችሁ አሠሪ ካጋጠማችሁ ቁጥሩ በአጋጣሚ የመጣ አይምሰላችሁ፤ ሙሉ ሰዓት የሚገኘው መቼ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጠይቁ።

ሆስፒታልን የምመክረው በትምህርት ምክንያት ጭምር ነው። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነጻ መክፈል ይችላል፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ይህንን ይሰጣሉ። ወለል እያጸዱ ወይም በሽተኛ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ የጀመሩ፣ በዚያው ገንዘብ ተምረው ነርስ የሆኑ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። በሰዓት አራት ዶላር የሚበልጠው የመጋዘን ሥራ ይህንን አይሰጣችሁም። ልጅ ለመውለድ የምታስቡም አንድ ነገር ያዙ፤ ከሥራ ሳትባረሩ እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ የምትወጡበት የቤተሰብ ፈቃድ የሚሠራው በቂ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ነው፤ አንድ አሠሪ ዘንድ 12 ወር ቆይታችሁ በመጨረሻዎቹ 12 ወራት 1,250 ሰዓት መሥራትም አለባችሁ። በየሦስት ወሩ ሥራ የሚቀይር ሰው እዚያ አይደርስም።

የሆስፒታል ቅጥር ያሰለቻል፤ አልክድም። የኋላ ታሪክ ማጣሪያ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፣ የክትባት ማስረጃ፣ የሽንት ምርመራ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ፈቃድ ወጥቶ ፋይላችሁ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ የያዛችሁት የቅጥር ደብዳቤ ሁኔታ የተቀመጠበት፣ ማለትም ማጣሪያውን ካላለፋችሁ ሊሰረዝ የሚችል ደብዳቤ ነው። የምትጀምሩበት ቀን በጽሑፍ ሳይደርሳችሁ የያዛችሁትን ሥራ አትልቀቁ። “ግሪን ካርዱ በፖስታ ካልደረሰህ አንቀጥርህም” የሚል ሰው ካጋጠማችሁም አትቀበሉት። በአየር ማረፊያ ማህተም የተመታበት የኢሚግራንት ቪዛ ያለው ፓስፖርት ለአንድ ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃ ነው፤ ሕጉ ከሚቀበላቸው ሰነዶች የትኛውን እንደምታቀርቡ የምትመርጡትም እናንተ ናችሁ።

አሁን እኔ ራሴ ወደ ገባሁበት ጉድጓድ ልምጣ፤ ረዘም ያለ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሕሙማንን ከቤታቸው ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ በሹፌርነት ገባሁ። መኪናው የእነሱ፣ ሸሚዙ የእነሱ፣ በስንት ሰዓት እንደምገባና ማንን እንደማመጣ የሚወስኑትም እነሱ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ካስፈረሙኝ ወረቀቶች አንዱ ደብልዩ-9 ይባላል፤ ስም፣ አድራሻና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጻፍበት፣ ከግርጌው ፊርማ የሚቀመጥበት አንድ ገጽ ነው። ክፍያው ሳንቲም ሳይቀነስበት ባንክ ሲገባ ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ። ጃንዋሪ ሲያልቅ በፖስታ የመጣልኝ ግን ለተቀጣሪ የሚላከው የዓመት ደመወዝና ታክስ መግለጫ፣ ደብልዩ-2፣ ሳይሆን በራሱ ለሚሠራ ሰው የሚላከው 1099 ሆነ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ ተመላሽ ገንዘብ እንደሌለኝና ይልቁንም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ዕዳ እንዳለብኝ ነገረኝ። ድርጅቱን ስጠይቅ “አንተ የእኛ ሠራተኛ አይደለህም” የሚል መልስ አገኘሁ። ዕዳውን በየወሩ እየከፋፈልሁ ከፈልሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለተቀጣሪ ሠራተኛ የሚሰጠው ቅጽ ደብልዩ-4 ነው፤ ደብልዩ-9 ከተሰጣችሁ በራሱ የሚሠራ ተቋራጭ አድርገው መዝግበዋችኋል ማለት ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) ከሚከፈለው 15.3 በመቶ ውስጥ ለተቀጣሪ ግማሹን አሠሪው ይከፍልለታል፤ በ1099 ሙሉው በእናንተ ትከሻ ላይ ያርፋል። ሳምንት ሳይጎድል ዓመቱን ሙሉ 40 ሰዓት ብትሠሩ፣ በ1099 የሚከፈል 23 ዶላር በዓመት 47,840 ዶላር ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ለእነዚህ ሁለት ብቻ ወደ 6,760 ዶላር ትከፍላላችሁ። በደብልዩ-2 የሚከፈል 19 ዶላር 39,520 ይሆናል፤ የሚቀነሰው ወደ 3,020 ነው። ስምንት ሺህ ይመስል የነበረው ልዩነት ወደ 4,580 ወረደ። ያለ ክፍያ የሚያልፉትን በዓላትና የዕረፍት ቀናት፣ ከኪሳችሁ የምትገዙትን ኢንሹራንስ ስትጨምሩበት የቀረውም ያልቃል። በዚያ ላይ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራችሁት የአንድ ተኩል እጥፍ ክፍያ የለም፤ ብትጎዱ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የለም፤ ሥራው ቢቆም የሥራ አጥ ድጎማ የለም። ታክሱንም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካቆያችሁት ቅጣት አለው፤ የሚከፈለው በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 ነው።

በራሱ መኪና፣ በፈለገው ሰዓት ለሚሠራ ሰው 1099 ትክክለኛ ነው፤ ታክሱን እያስቀመጠ መሥራት ነው። ሰዓቱን፣ አሠራሩንና መሣሪያውን እነሱ የሚወስኑ ከሆነ ግን የፈረማችሁት ወረቀት ብቻውን ተቋራጭ አያደርጋችሁም። የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ ኤስኤስ-8 በሚባል ቅጽ ጉዳያችሁን መርምሮ ይወስናል። መልሱ ወራት ይፈጃል፤ ቢሆንም ሙሉት። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የሚኖሩት አዲስ ሰው አይጠይቅም ብለው ስለሚተማመኑ ነው።

ባለቤታችሁን ለማምጣት የምታስቡ ደግሞ ይህንን ልብ በሉ። ለሚመጣው ሰው ኃላፊነት እንደምትወስዱ ለኢሚግሬሽን በምትፈርሙት የድጋፍ ቃል ማረጋገጫ ላይ ገቢያችሁ ከድህነት መለኪያው ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ታሳያላችሁ። በ1099 የሚሠራ ሰው ታክስ ለመቀነስ ወጪውን ሁሉ ሲያስቀንስ፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ገቢ ያንን ላይሞላ ይችላል። ከአንድ አሠሪ የሚመጣ ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀት ነገሩን ያቀልላችኋል።

የወቅት ሥራን በተመለከተ ትዕግሥቴ ያልቃል። በኖቬምበር መጋዘኖች ሲቀጥሩ፣ ጓደኛው “እኛ ጋ ሦስት ዶላር ይበልጣል” ስላለው ብቻ የሆቴሉን ሥራ ጥሎ የሚሄድ ሰው በየዓመቱ አያለሁ። የገና ዕቃ ተልኮ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ከዚያ ጃንዋሪ ላይ ኪራይ ደርሶበት ይደውልልኛል። ሥራ ለሌለው ሰው የወቅት ሥራ መልካም ነው፤ ሥራ ላለው ግን አልመክርም።

ኤጀንሲው “ከሦስት ወር በኋላ ቋሚ ትሆናለህ” ካላችሁ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነና ደመወዙ ስንት እንደሚሆን በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ከዚያም በምሳ ሰዓት እዚያው የሚሠሩትን አነጋግሩ፤ በኤጀንሲ ገብቶ ቋሚ የሆነ ሰው ካለ ስሙን ይነግሯችኋል። ከሥራ ጋር የነበረ ኢንሹራንስ ከተቋረጠባችሁ ደግሞ በግዛታችሁ የኢንሹራንስ ገበያ ለመመዝገብ ያላችሁ ጊዜ 60 ቀን ነው። አዲስ ሥራ እስካገኝ ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ተመዝገቡ።