ግድግዳውን ከመጠቅጠቅዎ በፊት አፈሩን ጨበጥ ያድርጉት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በሳንቃ መሃል አፈር እየጠቀጠቃችሁ ግድግዳ ለማቆም ያሰባችሁ ጀማሪዎች፣ መጀመሪያ እርጥበቱን በእጃችሁ ፈትኑ። የላይኛውን ለም አፈር ገፍታችሁ ከሥሩ ያለውን ውሰዱ። ዋልካ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውኃ አርከፍከፍ አድርጋችሁ በጭብጣችሁ አድቦልቡሉትና ከትከሻ ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ልቀቁት። ጥቂት ቦታ ከተከፈለ በቃ፣ ሆኗል። ብትን ካለ ውኃ አንሶታል። እንደ ሊጥ ጠፍጠፍ ካለ ግን በዝቶበታል፤ አስጡት። የጭቃ ቤት ምርጊት የለመደ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፣ ውኃ አይሳሳም።

ከዚያ በድንጋይ መሠረት ላይ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ልቅ አፈር እየጨመራችሁ በደንብ ጠቅጥቁ። ሥራውን ኅዳር ላይ ጀምሩት። የወሎ በልግ ሳይመጣ ጣሪያ ይልበስ።