የዲስፔስ ሰርቨር «ሜሞሪ አለቀ» ሲል፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ሪፖዚተሪ (የሰነድ ማከማቻ) ሲወድቅ ጉዳዩ የአይቲ ክፍሉ ብቻ አይደለም። ቲሲሱን አስገብቶ ክሊራንስ የሚጠብቅ ተማሪ አለ። የቀደመ ጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ አለ። ስለዚህ ሰርቨሩ የሚሠራውን በሚመዘግብበት ሎግ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር» የሚል መስመር ሲታይ ሁሉም ይቸኩላል። ብዙው ስህተት የሚሠራውም በዚያ ችኮላ ነው።

የምጽፈው ስለ ዲስፔስ ነው። በ2002 ከኤምአይቲ ቤተ መጻሕፍትና ከኤችፒ ቤተ ሙከራ የወጣ፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት የሪፖዚተሪ ሶፍትዌር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጠው በእሱ ነው፤ ሌሎች የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ይጠቀሙበታል። የጀርባው ክፍል የተጻፈው በጃቫ ስለሆነ የሜሞሪ ጠባዩም የጃቫ ነው። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ያለቀው የየትኛው ፕሮግራም ሜሞሪ ነው? የትኛውስ ክፍሉ? ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉም ማለት ይቻላል ይህን ሳይጠይቁ ከመጀመር የሚመጡ ናቸው።

ኤረሩን ግማሽ ድረስ ማንበብ

ብዙ ሰው «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚለውን አይቶ ያቆማል። ቁም ነገሩ ግን ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ያለው ነው።

«ጃቫ ሂፕ ስፔስ» ካለ ፕሮግራሙ ዕቃዎቹን የሚያስቀምጥበት ዋናው ቦታ ሞልቷል። «ጂሲ ኦቨርሄድ ሊሚት ኤክሲድድ» ካለ ደግሞ ጃቫ 98 በመቶ ገደማ የሚሆን ጊዜውን ቆሻሻ በመጥረግ እያጠፋ ነው፤ የሚያስለቅቀው ቦታ ግን ከ2 በመቶ በታች ነው። ይህን ማስጠንቀቂያ የሚያጠፋ ቅንብር አለ። አትጠቀሙበት። ኤረሩ ይጠፋል እንጂ ሰርቨሩ ተንጠልጥሎ መቅረቱ አይቀርም።

«ሜታስፔስ» ካለ ያለቀው ሂፑ አይደለም። የክላሶች (የፕሮግራሙ ኮድ ክፍሎች) መረጃ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ ነው። «አዲስ ኔቲቭ ትሬድ መፍጠር አልተቻለም» የሚል ከሆነም ነገሩ ከሂፕ ውጭ ነው፤ ትሬድ ፕሮግራሙ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች አንዱ ነው። ወይ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የትሬድ ገደብ ተነክቷል፣ ወይ ከሂፑ ውጭ የቀረው ራም አንሷል። እዚህ ላይ ሂፑን ከጨመራችሁ ለትሬዶቹ የሚቀረውን ቦታ ይበልጥ ታጠብቡታላችሁ። መድኃኒት ብላችሁ ያደረጋችሁት በሽታውን ያባብሰዋል ማለት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን መጨመር

የሂፕን ጣሪያ የሚወስነው ቅንብር «ኤክስ-ኤም-ኤክስ» ነው። ካልተጻፈ ጃቫ ራሱ ይወስናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ራም አንድ አራተኛውን ይወስዳል። ችግር ሲመጣ ይህን ቁጥር እጥፍ ማድረግ በጣም የተለመደ ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ነገር ግን በዚያው ማሽን ላይ ማን ማን እንዳለ ሳይቆጠር መሆን የለበትም።

8 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ሰርቨር እንውሰድ። ዲስፔስን የሚያስኬደው ቶምካት አለ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ አለ። ፍለጋውንና ስታቲስቲክሱን የሚሠራው ሶለር አለ። ከዲስፔስ 7 ወዲህ ደግሞ ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ የሚያዘጋጅ ኖድ ተጨምሯል። ለቶምካት ብቻ 6 ጊጋ ከተሰጠ ሌሎቹ ምን ሊበሉ ነው? ከዚህም በላይ ሶለር ፈጣን የሚሆነው ኢንዴክሱን ሊኑክስ በነጻ ራም ላይ ሲይዝለት ነው። ነጻ ራም ከሌለ ፍለጋው ይንቀራፈፋል፣ ጥያቄዎች ይከማቻሉ፣ የተከማቹት ደግሞ የቶምካትን ሂፕ ይሞላሉ። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ እኔ ብሆን ለቶምካት ከ2 እስከ 3 ጊጋ፣ ለሶለር 1 ወይም 2 ሰጥቼ ሌላውን ለዳታቤዙና ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እተዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ራም ከሥሩ ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ብዙ የሚበላውን ስለሚመርጥ ብዙ ጊዜ የሚመታው ጃቫ ነው። በዚህ ጊዜ የቶምካት ሎግ ላይ ምንም ኤረር አይገኝም፤ ሎጉ መሀል ላይ ቁርጥ ይላል። «ዝም ብሎ ሞተ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ማስረጃው ያለው በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) መልእክቶች ውስጥ ነው። እዚያ «ኪልድ ፕሮሰስ» የሚል መስመር ካገኛችሁ መፍትሔው ሂፑን መጨመር ሳይሆን መቀነስ ወይም ራም መግዛት ነው።

ቅንብሩን በማይነበብበት ቦታ መጻፍ

«4 ጊጋ ሰጥቼዋለሁ፣ ግን ምንም አልተለወጠም» የሚል ቅሬታ ስትሰሙ መጀመሪያ ጠይቁ፤ የሰጣችሁት ለማን ነው? ቶምካት የራሱ ቅንብር አለው። ሶለር ከዲስፔስ 7 ጀምሮ ለብቻው ስለሚሠራ ሂፑም የራሱ ነው፤ ካልተነካ 512 ሜጋባይት ነው። በኮማንድ ላይን የሚጠራው የዲስፔስ ፕሮግራም ደግሞ በእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ጃቫ ያስነሳል። የእሱ ነባሪ ጣሪያ 256 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሌሊት በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው መሣሪያ) የሚሠራ ሥራ በሜሞሪ ከወደቀ የቶምካትን ቁጥር እስከ ፈለጋችሁት ብታሳድጉ ለእሱ አንዳች አይጠቅመውም።

ኡቡንቱ ላይ ከፓኬጅ የተጫነ ቶምካት ቅንብሩን የሚያነበው በሲስተሙ ነባሪ ቅንብሮች አቃፊ ካለው የራሱ ፋይል ነው። ዊንዶውስ ላይ እንደ ሰርቪስ የሚሄድ ቶምካት ደግሞ የማስነሻ ስክሪፕቱን አያይም፤ የራሱ የቅንብር መስኮት አለው። ስለዚህ ፋይሉን አይታችሁ አትመኑ። እየሄደ ያለውን ፕሮሰስ ዘርዝሩና በየትኛው ቁጥር እንደተነሳ በዓይናችሁ እዩ።

«ጃቫ ኦፕትስ» እና «ካታሊና ኦፕትስ» የሚባሉት፣ የጃቫ ቅንብር የሚጻፍባቸው ሁለት ተለዋዋጮችም ይምታታሉ። የሂፕ ቁጥር በካታሊናው ቢገባ ይሻላል። ጃቫ ኦፕትስን ቶምካት ሲጠፋም ያነበዋል፤ ለማጥፋት ብቻ የሚነሳው ትንሽ ጃቫ ያንኑ ትልቅ ቁጥር ይዞ ለመነሳት ይሞክራል። ይባስ ብሎ ጃቫ ኦፕትስ ለመላው ሲስተም ከተጻፈ እያንዳንዱ የዲስፔስ ኮማንድ 4 ጊጋ ድረስ የመብላት ፈቃድ ያገኛል። ሌሊት ሁለት ሦስት የክሮን ሥራዎች ሲደራረቡ ሊኑክስ ወደ መግደል ይሄዳል።

የፊደል ቅንብሩን አብሮ መሰረዝ

ይህ እኛን ለብቻችን የሚነካ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የኮማንድ ላይኑ ነባሪ ቅንብር ሁለት ነገር ይዟል፤ የሂፑን ጣሪያና ፊደሉ ዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የአጻጻፍ ሥርዓት) እንዲሆን የሚያዘውን መስመር። እናንተ የራሳችሁን ጃቫ ኦፕትስ ስትጽፉ ነባሪው በሙሉ ይተካል። የጻፋችሁት የሂፕ ቁጥር ብቻ ከሆነ የፊደሉ ትእዛዝ ጠፋ ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ሪፖዚተሪ ይህን ላያስተውለው ይችላል። የአማርኛ፣ የትግርኛ ወይም የግእዝ ርዕስ ያለው ግን ወዲያው ይጎዳል፤ ርዕሱ የጥያቄ ምልክት ረድፍ ሆኖ ይቀራል። በእጅ ሲሠራ ደህና ሆኖ በክሮን ሲሠራ ብቻ የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። ምክንያቱ ክሮን የእናንተን የቋንቋ ቅንብር አለመውረሱ ነው። ጃቫ ከ18ኛው እትም ጀምሮ ዩቲኤፍ-8ን ነባሪ አድርጎታል። ዲስፔስ 7 ግን በጃቫ 11፣ ዲስፔስ 8 ደግሞ በጃቫ 17 ይሠራል። ስለዚህ መስመሩን ዛሬም መጻፍ ያስፈልጋል። በጥያቄ ምልክት የተተካ ፊደል ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ከባክአፕ በቀር መመለሻ የለውም። የሜሞሪ ችግር በሪስታርት ያልፋል፤ ይህ ግን መዝገቡን ራሱን ያጠፋል።

የፋይሉን መጠን በዲስክ መለካት

ዲስፔስ ፒዲኤፎችን እየከፈተ ጽሑፋቸውን ለፍለጋ የሚያወጣና የሽፋን ምስል የሚሠራ ሥራ አለው። በብዛት በሜሞሪ የሚወድቀውም ይህ ነው። «ፋይሉ እኮ 15 ሜጋ ነው፣ እንዴት 256 ሜጋ ይሞላል?» ይባላል።

ስሌቱን እንሥራው። አንድ የኤ4 ገጽ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) በቀለም ስካን ሲደረግ 4960 በ7016 ነጥብ ይሆናል። ይህ ወደ 35 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ስንይዝ ገጹ ተፈትቶ ሜሞሪ ላይ ሲቀመጥ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። አንድ ገጽ ብቻ ነው! ዲስክ ላይ ትንሽ የሆነው ስለተጨመቀ ነው። የቆዩ ቲሲሶችን ከመደርደሪያ አውርደው ስካን የሚያደርጉ ቤተ መጻሕፍት ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው። ተራ በታይፕ የተጻፈ ገጽ በ300 ዲፒአይ፣ በግራጫ ቢሰካን በደንብ ይነበባል።

ስህተቱ ለአንድ ክፉ ፋይል ብሎ የሁሉን ሂፕ ማሳደግ ነው። ይልቅ ሥራውን ዝርዝር እንዲያሳይ አድርጋችሁ በእጅ አስነሱት። ከመውደቁ በፊት መጨረሻ የጠራው ፋይል ተጠርጣሪው ነው። የዚያን ሰነድ መለያ ብቻ ሰጥታችሁ ለብቻው ሞክሩት። እሱ ከሆነ ስካኑን አሳንሳችሁ እንደገና አስገቡት፤ ካልሆነላችሁም ከሥራው እንዲዘለል አድርጉ። የቆዩት የዲስፔስ እትሞች ሜሞሪ ያስጨረሰ ፒዲኤፍ ሲያጋጥማቸው አልፈውት እንዲሄዱ የሚያደርግ ቅንብር አላቸው። ከ7.3 ወዲህ ደግሞ የሚወጣው ጽሑፍ በነባሪ በ100,000 ፊደላት ይገደባል፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በሜሞሪ ፋንታ ጊዜያዊ ፋይል እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል። የተዘለሉትን ሰነዶች ግን መዝግቧቸው። ውስጣቸው በፍለጋ አይገኝምና።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ማስገባት

አሥር ሺህ መስመር ያለው የሲኤስቪ ፋይል (የሰነዶች መረጃ በሠንጠረዥ የተዘረዘረበት) በአንድ ጊዜ አይጫን። የዲስፔስ መመሪያ ራሱ ከ1,000 መስመር እንዳይበልጥ ይመክራል። ከፋፍላችሁ አስገቡ። ቢወድቅም የት ላይ እንደወደቀ በቀላሉ ታውቃላችሁ።

ከድሮ መመሪያ ቅንብር መገልበጥ

«ፐርምጄን» የሚባለው የሜሞሪ ክፍል ከጃቫ 8 ጀምሮ የለም፤ በሜታስፔስ ተተክቷል። ያም ሆኖ መጠኑን የሚወስነው የድሮ ቅንብር እስከ ዛሬ ከሰው ወደ ሰው ይገለበጣል። ጃቫ 8 ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያልፈው ነበር። ጃቫ 17 ግን አላውቀውም ብሎ ጨርሶ አይነሳም። ወደ አዲስ እትም ስትሸጋገሩ ቶምካት እንቢ ካለ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ።

ዲስፔስ 7ና ከዚያ በላይ የምትጠቀሙ ደግሞ «ጃቫስክሪፕት ሂፕ አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚለውን ከጃቫ ጋር አታምታቱት። እሱ የኖድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ገጽታው ሲገነባ ነው። የኖድን የራሱን ጣሪያ አሳድጉ። ቶምካት ምንም አላደረገም።

ጎብኚው ሁሉ ሰው ይመስል

ሪፖዚተሪ ክፍት ነው፤ ክፍት መሆኑም ደስ ይላል። ስለዚህ ቦቶች፣ ማለትም ራሳቸው ገጽ እየጠሩ የሚዞሩ ፕሮግራሞች፣ ይመጣሉ። በደራሲ፣ በዓመት፣ በርዕስ ማጣሪያዎቹን እያቀያየሩ የማያልቅ ገጽ ይጠራሉ። በዲስፔስ 6ና ከዚያ በፊት ባሉት እትሞች አንድ ቦት በየጥሪው አዲስ ሴሽን (ሰርቨሩ ለአንድ ጎብኚ የሚይዘው መዝገብ) ሊከፍት ይችላል፤ ሴሽኖቹም ሂፑን ይሞላሉ። ቶምካት ለቦቶች አንድ ሴሽን ብቻ የሚሰጥ የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለው አስነሱት። ጨዋዎቹ ቦቶች የፍለጋ ገጾቹን በሮቦትስ ፋይል ስትከለክሏቸው ይሰማሉ። የማይሰሙትን ከፊት ባለው ዌብ ሰርቨር፣ በኤንጂንክስ ወይም በአፓቺ ላይ፣ በደቂቃ ስንት ጥሪ እንደሚፈቀድ ወስናችሁ ያዟቸው።

እያንዳንዱ ጉብኝት በሶለር ስታቲስቲክስ ውስጥ አንድ መዝገብ ይጨምራል። የቦቱም ይቆጠራል። ዲስፔስ እነዚህን ለይቶ የሚያጠፋ መሣሪያ አለው፤ በየጊዜው ብታስኬዱት ሶለሩም ይቀለዋል፣ ለአስተዳደሩ የምታቀርቡት የዳውንሎድ ቁጥርም ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ማስረጃውን ሳይይዙ ሪስታርት ማድረግ

ተማሪ እየጠበቀ «ቆይ ልመርምር» ማለት ከባድ ነው። ሪስታርት አድርጉ፤ ግን ማስረጃው አስቀድሞ ራሱ እንዲቀመጥ አዘጋጁ። ሜሞሪ ሲያልቅ ጃቫ የሂፑን ሙሉ ቅጂ ወደ ፋይል እንዲጽፍ የሚያደርግ ቅንብር አለ። «ሂፕ ደምፕ» ይባላል። ዛሬ ሰርቨሩ ደህና እያለ አብሩት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ፋይሉን በኢክሊፕስ ሜሞሪ አናላይዘር ስትከፍቱት ቦታውን የያዘው ማን እንደሆነ ያሳያችኋል፤ የፒዲኤፍ ምስል ይሁን፣ የሴሽን ክምር ይሁን፣ ከዳታቤዝ የመጣ ዝርዝር ይሁን በግምት መሆኑ ይቀራል።

ከዚያ ጎን ለጎን የሂፑን አጠቃቀም ለተወሰኑ ቀናት ተከታተሉ። መውጣት መውረዱ ተራ ነገር ነው። መታየት ያለበት ከእያንዳንዱ ትልቅ ጠረጋ በኋላ የሚቀረው ነው። እሱ ቀን በቀን እየጨመረ ከሄደ የሜሞሪ ማፍሰስ (ያለቀለትን ቦታ አለመልቀቅ) አለ፤ ቁጥር መጨመር ውድቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። አንድ ሥራ ሲሠራ ብቻ አሻቅቦ ተመልሶ ከወረደ ግን ያ ሥራ በእርግጥ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ስጡት።

ሁለት ጥንቃቄ። የደምፑ ፋይል የሂፑን ያህል ሊሆን ስለሚችል ቶምካት የመጻፍ ፈቃድ ባለው፣ በቂ ቦታ ባለው ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ የሰነዶቹ ዲስክ ላይ ግን አይሁን። በተጨማሪም ያ ፋይል ሜሞሪው ላይ የነበረውን ሁሉ ይይዛል፤ የዳታቤዝ ፓስወርድና የተጠቃሚዎች መረጃም አብሮ አለ። ለእርዳታ ብላችሁ ለማታውቁት ሰው አትላኩት፤ ተንትናችሁ ስትጨርሱም ሰርዙት።