የተረሳ የጣና የጉዞ መጽሐፍ እንዴት ተፈልጎ ይገኛል? እንዴትስ ይነበባል?

ጣናን አይተው የጻፉ የውጭ ተጓዦች ብዙ ናቸው። ሲጠቀሱ የምንሰማቸው ግን ሁሌም እነዚያው ሁለት ሦስቱ ናቸው። የቀሩት መጻሕፍት አንድም መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰዋል፣ አንድም ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ ከፋች አጥተዋል። ባሕር ዳር ተቀምጦ አንዱን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ከባዱ ነገር አነባበቡ ነው።

1. በድሮ ስም ፈልጉ

«ባሕር ዳር» ብላችሁ ብትፈልጉ እምብዛም አታገኙም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው መንደር ነው። ገበያውና ነጋዴው ቆራጣ ነበር፣ በሐይቁ ምሥራቅ ዳር። ስለዚህ ቆራጣ፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ደምቢያ እያላችሁ ሞክሩ። ጣና ራሱ በድሮ የፈረንጅ ካርታዎች ላይ ብዙ ጊዜ «ፃና» ሆኖ ነው የምታገኙት። ተጓዡ የጻፈው ጆሮው እንደሰማለት ነው፤ «ቀ» እና «ከ» ለሱ አንድ ናቸው። በላቲን ፊደል ስትፈልጉ አንዱ አጻጻፍ እምቢ ካለ በሌላው ሂዱ።

2. ቦታውን ምረጡ

በነፃ ለማውረድ ኢንተርኔት አርካይቭና ጉግል ቡክስ ይበቃሉ። ፈረንሳይኛ ለሚያነብ ጋሊካ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ፣ አለ። አዲስ አበባ ብቅ የምትሉ ከሆነ ወመዘክር እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አሉ። ከሁሉም የምመርጠው መንገድ ግን ሌላ ነው። ጥሩ የታሪክ መጽሐፍ አንሱና መጨረሻው ላይ ያለውን የዋቢ ዝርዝር አንብቡ። ሰምታችሁት የማታውቁት ስም እዚያ ተደብቆ ይጠብቃችኋል።

መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል አንዱ ከገጠማችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። የርዕሱ ገጽ አለ? ካርታውስ? የጉዞ መጽሐፍ ካርታ ብዙ ጊዜ ታጥፎ ነው የሚገባው። እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ ቀስ ብላችሁ ዘርጉት። የተቀደደውን በፕላስተር እንዳትለጥፉ! ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ቤት ስታስቀምጡትም ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት።

3. አንዱን ይዛችሁ ጀምሩ

የኔ ምርጫ ሆርሙዝድ ራሳም ነው። የሞሱል ተወላጅ ነው። ጊልጋሜሽ የተባለው ጥንታዊ ተረት የተጻፈባቸውን የሸክላ ጽላቶች ከነነዌ ፍርስራሽ ቆፍሮ ያወጣ ሰው ነው። ከዚያ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ተላከ። በ1866 እ.ኤ.አ. ቆራጣ ሰነበተ፣ በታንኳ ወደ ዘጌ ተሻገረ፣ መጨረሻ ላይም እስረኛ ሆነ። ሁለት ቅጽ መጽሐፉ በ1869 ለንደን ላይ ታተመ። ስለ መቅደላ የሚያወራው ሰው ብዙ ነው፤ የቆራጣና የዘጌውን ክፍል የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው።

4. ቀኑን ወደኛ መልሱ

መጽሐፉ ላይ ካለው የፈረንጅ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ቀንሱ። ራሳም የታሰረበት የ1866 ሚያዝያ በኛ 1858 ዓ.ም. ነው። ወሩ ከዓመቱ እኩል ይጠቅማል። ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ተጓዡ «ዳርቻው ረግረግ ነው» ካለ መቼ እንዳየው ሳታውቁ ውሸታም እንዳትሉት። ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ የውኃው መጠን እንደ ድሮው አይደለም፤ ኃይል ማመንጫው ይወስዳል።

5. ሂዱና ጠይቁ

ምዕራፉን በስልካችሁ ይዛችሁ በጀልባ ዘጌ ውረዱ። በጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ዛሬም አለ፤ መጽሐፉ ውስጥ ካለው ሥዕል ጋር አስተያዩት። አንድ አባት ስታገኙ ወዲያው ጥያቄ አትደርድሩ። «ይፍቱኝ አባ» በሉ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ የቦታውን ስም ጠይቁ። መጽሐፉ ላይ ምን እንደተጻፈ አስቀድማችሁ አትንገሩ፤ እሺ ብለው እንዳያልፏችሁ። ሴቶች ክብራን ገብርኤል እንደማይገቡ ካሁኑ እወቁ፤ እንጦስ ኢየሱስ ግን አጠገቡ ነው።

6. ጸሐፊውን አትመኑት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አየሁ ብሎ አምስት ቅጽ ጻፈ። መድረሱ እውነት ነው። ግን የካቶሊክ ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት አይቶታል፤ ብሩስ ይህን ላለመቀበል ብዙ ቀለም ጨርሷል። አብሮት የተጓዘውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ከግሹ ታሪክ አውጥቶታል። ባዶ ቦታ ላይ ብቻዬን ደረስኩ የሚል ተጓዥ ስታገኙ፣ መንገድ መሪው ማን ነበር? አስተርጓሚውስ? ብላችሁ ገጹን መልሳችሁ አንብቡ። ስማቸው ባይጠራም እንጀራ ሲያቀርቡ፣ በቅሎ ሲጭኑ ታገኟቸዋላችሁ።

ለራሳም ማመሳከሪያ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አብሮት የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ የራሱን መጽሐፍ በ1868 አሳትሟል። የዘጌውን ክፍል ከሁለቱም አውጡና ጎን ለጎን አንብቡት።