በሶብላን እንደ በርበሬ ማስጣትና ሌሎች ስህተቶች

ጥቅምት ሲገባ ወሎ ውስጥ ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ ከተማ በየግቢው ሰሌን ይዘረጋል፣ በርበሬ ይሰጣል። ከሰሌኑ ጫፍ ላይ ደግሞ «ቦታ አለ» ተብሎ ከጓሮ የታጨደው በሶብላ ይበተናል። ድስት ውስጥ ገብቶ የማያውደው በሶብላ የሚመጣው ከዚያች ጫፍ ነው።

በርበሬ ፀሐይ ይችላል፤ ማቃጠሉ በሙቀት አይተንም፣ ልጡም ወፍራም ስለሆነ ያለ ፀሐይ ቶሎ አይደርቅም። የበሶብላ መዓዛ ግን የተቀመጠው በቅጠሉና በአበባው ገጽ ላይ ባሉ፣ በዓይን በማይለዩ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ዘይቱ በቀላሉ ይተናል፤ ፀሐይ ሲመታው ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል። አረንጓዴው ቀለምም በብርሃኑ ይነጣል ወይም ይጠቁራል። ስጡ ግቢውን ሲያውደው «እንዴት ያለ በሶብላ ነው!» አትበሉ። ያ መዓዛ ለሽሮው መትረፍ ነበረበት።

«ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል» የሚል መልስ መቼም አይጠፋም። ቅጠል የሚያደርቀው ነፋስ ነው። የሚፈለገው ጥላ፣ ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ ሙቀትና የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ከሥሩም አየር እንዲያልፍ ሰፌዱን ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጡት፣ በሻሽ ሸፍኑት፣ በቀን አንዴ አገላብጡት። በረንዳ ይሆናል፤ መስኮቱ የሚከፈት ክፍልም ይሆናል። ቆርቆሮው ሥር ያለው ወራጅ ግን አይሆንም፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ምጣድ ነው። በደረቁ ወራት ጦስኝ ከ4 እስከ 6 ቀን፣ ሮዝመሪ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ በሶብላ ከነአበባው ከ8 እስከ 12 ቀን ይፈጅበታል። አንድ ኪሎ እርጥብ ቅጠል ደርቆ 200 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ የሄደው ውኃ ነው።

ቀኑን የሚቆጥር ሰው ደሴና ኮምቦልቻን አንድ ማድረግ የለበትም። በመካከላቸው ከ500 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ። ኮምቦልቻ በሳምንት የደረቀ ነገር የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲያወርድ ደሴ ላይ ሌላ ሳምንት ይጠይቃል። ደጋው ውስጥ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል ማድረቁን ከጥር አታሳልፉት። በሶብላ ውርጭ አይችልም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ደጋ ላይ የተከላችሁ ውርጩን አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ እጨዱ።

ጤዛው ሳይረግፍ ማጨድ ሌላው ስህተት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ቅጠሉ ደርቆ ፀሐዩ ሳይበረታ እጨዱ። በሶብላ ከነአበባው የሚፈለግ ከሆነ የታችኛው አበባ ፍሬ መያዝ ሲጀምር፣ የላይኛው ገና እያበበ ሳለ ነው ጊዜው።

አጭዶ ማጠብም ልማድ ሆኗል። አቧራው ካስቸገረ ከማጨዳችሁ በፊት በነበረው ምሽት ተክሉ ላይ ውኃ እርጩበት፤ ሌሊትና ጠዋት በራሱ ይደርቃል።

ጦስኝን ከነሥሩ የሚነቅል ሰው ለከርሞ የሚያጭደው አይኖረውም። የላይኛውን ሲሶ ብቻ በመቀስ ቁረጡ።

ወፍራም እስር አትሠሩ። አሥር አሥራ አምስት ዘንግ ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ ውጭው ደርቆ መሐሉ ይሻግታል። ዘንጉ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ማሠሪያው ይላላል፣ በሦስተኛው ቀን አጥብቁት። እስሩን ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ የሚሰቅሉም አሉ። ኩበት ኩበት የሚል ሮዝመሪ ጥብስ ላይ ማን ይፈልጋል?

ጤና አዳም ለብቻው ይቀመጥ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ራሱን ያስመስላል። ቅጠሉን ለማድረቅም አትድከሙ። ለቡናው ከጓሮ እርጥቡን መቅጠፍ ይሻላል፤ የሚደርቀው ለበርበሬ የሚገባው ፍሬው ነው። ስትለቅሙ ግን ጓንት አድርጉ ወይም እጃችሁን ወዲያው በሳሙና ታጠቡ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ቋጥሮ ያቆስላል።

አሁን ወደ ማስቀመጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ቀን የተንኮሻኮሸ ቅጠል ሌሊት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ጠዋት ብትነኩት ይተጣጠፋል። ስለዚህ ጠዋት አትክተቱ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ክተቱ። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ መድቀቅ፣ ዘንጉም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ንጹሕ የማር ጠርሙስ አድርጋችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ ክዳኑ ሥር ወይም መስታወቱ ላይ ላብ ካያችሁ አልደረቀም፤ አውጥታችሁ ሁለት ቀን አናፍሱት። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ተመልከቱት።

ፌስታል ዕቃ አይደለም፤ መዓዛውን ያስወጣል፣ ያልደረቀውን ቅጠል ላብ ያደርገዋል። ጠርሙሱን ብርሃን እንዳያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ አኑሩት ወይም በወረቀት ጠቅልሉት። ወሩን ጻፉበት።

ሻጋታ የታየበትን እስር «መጥፎውን ለይቼ» እያላችሁ አታድኑት። ሁሉም ይጣል፤ በተለይ ለበርበሬ የታሰበ ከሆነ። ሻጋታ ሊተወው የሚችለው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ወጡ የቱንም ያህል ቢንተከተክ አይጠፋም፤ አንድ ጭብጥ በሶብላ ብላችሁ የዓመት በርበሬ ታበላሻላችሁ። ለቅቤ የሚገባውም እንደዚሁ መንኮሻኮሽ አለበት፤ እርጥብ ቅጠል ውኃውን ቅቤው ውስጥ ትቶ ቶሎ ያገማዋል።

በርበሬና ሽሮ ውስጥ ከሚገባው በስተቀር አስቀድማችሁ አታስፈጩ። ያልተፈጨው ዓመት ያደርሳል፤ የተፈጨው በጥቂት ወር ውስጥ ገለባ ገለባ ይላል። ለወጥ ሲፈለግ ሙቀጫ አለ። መጠኑን ደግሞ እንደ እርጥቡ አትገምቱ፤ ሦስት ማንኪያ እርጥብ የሚፈልገው ወጥ አንድ ማንኪያ ደረቅ ይበቃዋል።

አዲሱ ሲደርስ ካምና የተረፈውን አትቀላቅሉበት። መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ አሽትቱት፤ ካላወደ ጓሮ አፈር ላይ ይበተን።