ፖሊሶች የሕይወት መድን ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ የማውቃቸው ሳጅን የመድን ማመልከቻ ፎርም ሲሞሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ... እስክሪብቶው ሳያቆም ወረደ። "ሥራ" የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ከዚያ "የመንግሥት ሠራተኛ" ብለው ጻፉ።

"ሳጅን፣ ፖሊስ አይሉም እንዴ?" አልኳቸው።

"ፖሊስ ካልኩማ ዓረቦኑን ይቆልሉብኛል! ደግሞስ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?"

ብዙ ፖሊሶች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። መድን ሰጪው የጠየቀው ደመወዛችሁን ማን እንደሚከፍል አይደለም። ሥራችሁ ምን ያህል ለአደጋ እንደሚያጋልጣችሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ መድን ገቢው ለመድን ሰጪው ውሳኔ የሚያስፈልግ ነገር ሆን ብሎ ከደበቀ ውሉ ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። ከዓረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ ከሚከፈለው ገንዘብ፣ በወር ጥቂት ብር ተርፎ፣ የክፉ ቀን ሲመጣ ቤተሰብ ባዶ እጁን ይቀራል። "ፖሊስ" ብሎ መጻፍ ብቻም አይበቃም። መዝገብ ቤት የሚውልና ሌሊት ፓትሮል የሚወጣ አንድ ዓይነት አደጋ የለባቸውም። ምድባችሁን ጻፉ። ቢሮ የምትሠሩ ከሆነ እንዲያውም ዋጋው እንዲቀንስላችሁ ተከራከሩ። ሳጅኑ ሰርዘው "የትራፊክ ፖሊስ" ብለው ጻፉ።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት ዋጋ ብቻ ጠይቆ መፈረም ነው። "በዓመት ስንት ነው?" እንላለን። "በምን ምክንያት ብሞት ነው የማትከፍሉት?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ የሕይወት መድን ውሎች ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ግጭትንና ሁከትን ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ። ደጀን ላይ ሱቅ ለከፈተ ሰው ይህ አንድ መስመር ነው። ባለፉት ዓመታት ጎጃም ውስጥ ዩኒፎርም ለብሶ ለሠራ ሰው ግን የውሉ ልብ እዚያ ነው። ሌባ ሲያሳድድ በጥይት የተመታ ፖሊስ ይከፈለዋል? ኬላ ላይ ቆሞ በተኩስ ልውውጥ የሞተስ? ግጭት ነው ወይስ ወንጀል የሚለውን የሚወስነው ማነው? እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የወኪሉ "ችግር የለውም" በኋላ ማስረጃ አይሆንም። ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎ የሚሸፈን ነገር ካለም ዋጋውን ለብቻው አስነግሩ። ሁለት ድርጅቶች በጣም የተራራቀ ዋጋ ሲነግሯችሁ፣ ልዩነቱ እዚህ መስመር ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ርካሹ ውል እናንተን የሚያሰጋችሁን ሞት የማይሸፍን ከሆነ ውድ ነው።

"ጡረታ አለኝ፣ እድር አለኝ" የሚሉም አሉ። ጡረታው መልካም ነገር ነው። ለፖሊስ መንግሥት የደመወዙን 25 በመቶ ያዋጣል፣ ከራሱ 7 በመቶ ይቆረጣል። ሲሞት ለትዳር ጓደኛ የጡረታው 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይሰጣል። ነገር ግን የሚሰላው ከጡረታ አበሉ ነው፤ አገልግሎቱ አጭር ለሆነ ወጣት ኮንስታብል መነሻው ራሱ ትንሽ ነው። እድር ደግሞ ድንኳኑንና ቀብሩን ይሸፍናል፤ የቤት ኪራይ አይከፍልም። መድን የምትገቡት ለዚያ ክፍተት ነውና፣ መጠኑን ከዚያ ተነስታችሁ አስሉ።

ሌላው፣ "ካልሞትኩ ብሬ ባክኖ ይቅር?" በሚል ቁጠባ ያለበትን ውል ብቻ መምረጥ ነው። ቁጠባ ያለበት ውል ዓረቦኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ በተመሳሳይ ብር የምታገኙት የሞት ሽፋን ያንሳል። ሕፃናት ልጆች ላሉት ፖሊስ፣ ለተወሰነ ዘመን ብቻ የሚገባው ተራው የሞት መድን ብዙ ጊዜ ይሻላል ባይ ነኝ። የብርንም ነገር አትርሱ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያየነውን አይተናል። ከ10 ዓመት በፊት ትልቅ የነበረ የመድን ገንዘብ ዛሬ ስንት ወር ያኖራል? በየጊዜው አሳድጉት።

የተጠቃሚ፣ ማለትም ስትሞቱ ገንዘቡን የሚወስደውን ሰው፣ ስም ባዶ አትተዉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 827 መሠረት፣ ተጠቃሚ ካልተሰየመ ገንዘቡ ወደ ውርስ ይገባል። ወደ ውርስ ከገባ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ፍርድ ቤት፣ የዘመድ ክርክር ይከተላል። ትዳር ስትይዙ ወይም ልጅ ሲወለድም ስሙን አስተካክሉ።

ዝውውርንም አስቡ። ዓረቦን ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ከሞጣ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትዛወሩ ቆረጣው በመሃል ሊቋረጥ ይችላል። የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ስትወስዱ ዝርዝሩን እዩ።

የመጨረሻው አባቴ የሠራው ነው። እሱም ፖሊስ ነበር። መድን እንዳለው ለእናቴ አልነገራትም፤ እንዳትጨነቅ ብሎ ይመስለኛል። ደረሰኙን ያገኘችው የክረምት ካፖርቱን ለወንድሙ ልጅ ልትሰጥ ስታጣጥፍ፣ ከውስጥ ኪሱ ነው። በሞተ በ7ኛው ወር።