ጎን ለጎን አፈሙዝ ባለው የአደን ጠመንጃ ላይ አንድ ምላጭ ይሻላል ወይስ ሁለት?

ሁለት አፈሙዞቹ ጎን ለጎን የተጣመሩበትን የአደን ጠመንጃ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ስለ ሰደፉ እንጨት፣ ስለ ብረቱ ጌጥና ስለ አፈሙዙ ርዝመት ብዙ ይጠይቃል፤ ስለ ምላጩ የሚጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል። ብዙዎች ቃታ የሚሉት ምላጭ አንድ ይሁን ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተኳሹ የትኛውን አፈሙዝ መቼ እንደሚተኩስ፣ አንዱ ጥይት ቢከሽፍበት ምን ማድረግ እንደሚችልና እጁ በሰደፉ አንገት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚወስነው ይኸው ምርጫ ነው።

ሁለት ምላጭ ባለው ጠመንጃ እያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱ ምላጭ፣ የራሱ መዶሻና የራሱ ማገቻ አለው፤ መዶሻ የምለው የጥይቱን ቂጥ የሚወጋውን መርፌ የሚመታውን ብረት፣ ማገቻ የምለው ደግሞ የተቀባበለውን መዶሻ ይዞ የሚያቆየውን ትንሽ የብረት ጥርስ ነው። በተለመደው አሠራር የፊተኛው ምላጭ የቀኙን አፈሙዝ፣ የኋለኛው ደግሞ የግራውን ይተኩሳል። ለግራኝ ተኳሽ ተብለው በተሠሩ አንዳንድ ጠመንጃዎች ላይ ይህ ስለሚገለበጥ፣ ያልለመዱትን ጠመንጃ ከማንሣት በፊት የትኛው ምላጭ ከየትኛው አፈሙዝ ጋር እንደተያያዘ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ ልብ ሊባል የሚገባው የሁለቱ አፈሙዞች ጫፍ ጥበት፣ ማለትም ቾክ የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ እኩል አለመሆኑ ነው። የቀኙ ሰፋ ያለ በመሆኑ በጥይቱ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ እንክብሎች ቶሎ ይበትናል፤ ስለዚህም ለቅርብ ዒላማ ይስማማል። የግራው ጠበብ ያለ በመሆኑ እንክብሎቹን ሰብሰብ አድርጎ ስለሚልክ ለራቀው ይመረጣል።

የሁለት ምላጭ ዋነኛ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከእግሩ ሥር ተነሥታ ወደ ፊት የምትሸሽ ወፍ የሚተኩስ አዳኝ መጀመሪያ የሚያገኛት በቅርብ፣ ከሳታትም ሁለተኛ የሚያገኛት በሩቅ ነው፤ ስለዚህ ከፊተኛው ምላጭ ጀምሮ ወደ ኋለኛው ያልፋል። ከሩቅ ወደ እርሱ የምትመጣ ወፍ ስትሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያው ተኩስ በሩቅ፣ ሁለተኛው በቅርብ ስለሚሆን ጣቱ በቀጥታ ወደ ኋለኛው ምላጭ ይሄዳል። ይህን ለማድረግ የሚገፋው ቁልፍም ሆነ የሚያዞረው መምረጫ የለም። ውሳኔውና ድርጊቱ አንድ የጣት እንቅስቃሴ ብቻ ናቸው፤ ሰደፉ ትከሻው ላይ ከማረፉ በፊት የትኛው አፈሙዝ እንደሚቀድም ተወስኖ ያበቃል። ሁለት የተለያየ ቾክ ያለው ጠመንጃ ይዞ ሁልጊዜ በአንዱ ብቻ የሚጀምር ሰው የገዛውን ነገር ግማሹን እንደማይጠቀምበት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አንድ ምላጭ ያላቸው ጠመንጃዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት ምርጫ የማይሰጥ ሲሆን፣ ሁልጊዜ አንዱን አፈሙዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙን፣ አስቀድሞ ይተኩሳል። ሁለተኛው ዓይነት የሚጀምረውን አፈሙዝ ለመምረጥ የሚያስችል ሲሆን፣ መምረጫው በመጠበቂያው፣ ማለትም ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኩስ በሚያግደው ቁልፍ፣ ላይ ወይም በራሱ በምላጩ አጠገብ የሚገኝ ትንሽ ቁልፍ ነው። በወረቀት ላይ ይህ ዓይነቱ የሁለት ምላጭን ጥቅም ሁሉ የያዘ ይመስላል። በተግባር ግን መምረጫውን የሚያስተካክሉት ቆመው ሲጠብቁ ነው፤ ወፏ ከተነሣች በኋላ አውራ ጣትን ልኮ ትንሿን ቁልፍ ወደ ጎን ለመግፋት ጊዜ የሚተርፈው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ዒላማው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ በሚታወቅበት፣ ወደ አየር በሚወረወር የሸክላ ዒላማ ተኩስ መምረጫው በቂ ነው፤ ባልታሰበ አቅጣጫ በሚነሣ አዕዋፍ ላይ ግን ብዙም አይረዳም።

ከመምረጫው ይልቅ ገዢው ሊያውቀው የሚገባው፣ አንዱ ምላጭ ከመጀመሪያው አፈሙዝ ወደ ሁለተኛው የሚሸጋገርበት መንገድ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ትከሻም መልሶ ይገፋዋል። በዚህ ቅጽበት የተኳሹ ጣት ሳያስበው ምላጩን ለሁለተኛ ጊዜ ይስባል። ተኳሹ ይህን እንዳደረገ ከቶ አይታወቀውም፤ ነገር ግን የአንድ ምላጭ ሠሪዎችን ለረጅም ዘመን ያስቸገረው ይኸው ያልታሰበ ስበት ነበር። መሣሪያው ይህን ስበት ካልከለከለ ሁለቱ አፈሙዞች ተከታትለው፣ ለተኳሹ ጆሮ እንደ አንድ ሆነው ይተኮሳሉ። የለንደኑ የቦስ ጠመንጃ ሠሪ ድርጅት ባለቤት የነበረው ጆን ሮበርትሰን በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የባለቤትነት መብት ያገኘበት አንድ ምላጭ መፍትሔው ቀላል፣ አስተሳሰቡ ግን ጥልቅ ነበር፦ ያልታሰበውን ስበት ለመከልከል ከመታገል ይልቅ ቦታ ሰጠው። የመጀመሪያው ስበት አንዱን አፈሙዝ ይተኩሳል፣ ያልታሰበው ሁለተኛ ስበት ያለ ተኩስ ያልፋል፣ ተኳሹ አስቦ የሚስበው ሦስተኛው ደግሞ ሌላውን አፈሙዝ ይተኩሳል።

ዛሬ በገበያ ላይ ከሚገኙት የአንድ ምላጭ አሠራሮች ብዙዎቹ ከሁለት ወገን በአንዱ ይመደባሉ። የመጀመሪያው በርግጫ ኃይል የሚሠራው ነው። በውስጡ ያለ ክብደት በመጀመሪያው ተኩስ ርግጫ ተገፍቶ ምላጩን ከሁለተኛው ማገቻ ጋር ያገናኘዋል፤ ርግጫ ከሌለ ግንኙነትም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥይት ከከሸፈ ምላጩን ደግሞ መሳብ ምንም አያመጣም። ርግጫው በጣም ቀላል የሆነ ጥይት ሲጎረስ ወይም ሰደፉ ትከሻ ላይ በደንብ ሳያርፍ ሲተኮስም ክብደቱ በበቂ ሁኔታ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ሁለተኛው በብረት ቅንብር ብቻ የሚሸጋገረው ሜካኒካል የሚባለው ነው፤ ይህ ርግጫን ስለማይጠብቅ የመጀመሪያው ጥይት ቢከሽፍም ሁለተኛውን ይተኩሳል። አንድ ምላጭ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመምረጫ መኖርና አለመኖር የበለጠ ዋጋ አለው።

ሁለት ምላጭ ይህን ጥያቄ ከናካቴው ያስቀረዋል። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ፣ አንዱ መርፌ ቢሰበር ወይም አንዱ መዶሻ ቢደክም ሌላው ምላጭ ከሌላው አፈሙዝ ጋር እንደተያያዘ ይቆያል፤ በአንድ ሰደፍ ላይ ሁለት ጠመንጃ እንደ መያዝ ነው። ለአደገኛ አውሬ አደን በሚሠሩት ጥንድ አፈሙዝ ጠመንጃዎች ላይ ሁለት ምላጭ እስከ ዛሬ ተመራጭ ሆኖ የቆየበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። እዚህ ላይ ስለ ደኅንነት አንድ ነገር መጨመር ግዴታዬ ነው። የከሸፈ የመሰለ ጥይት ዘግይቶ ሊተኮስ ስለሚችል፣ ተኳሹ ጠመንጃውን ቶሎ መክፈት የለበትም፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ መጠበቅ ይኖርበታል።

አሁን ወደ እጅ እንመለስ። በሁለቱ ምላጮች መካከል በግምት ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ርቀት ስላለ፣ ከሰደፉ ጀርባ እስከ ምላጩ ያለው ርዝመት ለሁለቱ አንድ አይደለም። ይህ ርዝመት የሚለካው እስከ ፊተኛው ምላጭ ድረስ ነው። ከፊተኛው ወደ ኋለኛው በጣት ብቻ ለመድረስ መሞከር የጀማሪ ስህተት ነው፤ መላው እጅ በሰደፉ አንገት ላይ ጥቂት ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። ቀጥ ያለና እጀታ የሌለው የሰደፍ አንገት ከሁለት ምላጭ ጋር አብሮ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። ወደ ታች ጎበጥ ያለ እጀታ እጅን በአንድ ቦታ ስለሚይዝ ከአንድ ምላጭ ጋር በተሻለ ይስማማል። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ፊተኛውን ምላጭ ሲስብ ተንጠራርቶ ከሆነ፣ ወይም እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ኋለኛውን ሲስብ ጣቱ የሚታጠፍበት ቦታ ካጣ፣ ሰደፉ አልተስማማውም ማለት እንጂ ሁለት ምላጭ አይሆነውም ማለት አይደለም።

ሁለት ምላጭ የሚወቀስበት እውነተኛ ጉድለትም አለው። ኋለኛው ምላጭ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ስለሚራገጥ የፊተኛው ምላጭ ጀርባ ጣትን ይመታል፤ ከብዙ ተኩስ በኋላም ጣት ይቆስላል። ጥሩ ሠሪዎች ለዚህ ሲሉ የፊተኛውን ምላጭ በማጠፊያ ላይ ይሠሩታል፤ ጣት ከኋላው ሲነካው ወደ ፊት ይታጠፋል። ሁለት ምላጭ የምትመርጡ ከሆነ ይህ ማጠፊያ መኖሩን ፈትሹ። በብርድ አገር ወፍራም ጓንት አድርጎ የሚያድን ሰው ደግሞ በምላጭ ከለላው፣ ማለትም ምላጩን በሚከበው ብረት፣ ውስጥ ያለው ቦታ ለሁለት ምላጭና ለጓንት አንድ ላይ እንደማይበቃ ያገኘዋል፤ ለእርሱ አንድ ምላጭ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የምላጭ ክብደት፣ ማለትም ለመተኮስ የሚጠይቀው ኃይል፣ ለፊተኛው ከ1.6 እስከ 1.8 ኪሎግራም አካባቢ ቢሆን መልካም ነው፤ ኋለኛው ጥቂት ቢከብድ የተለመደ ነው። ከዚህ በጣም የቀለለ ምላጭ በርግጫ ብቻ መዶሻውን ሊለቅ ስለሚችል አያስደስትም፣ ያስፈራል።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ፍተሻ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጠመንጃውን ክፈቱና ሁለቱም ጎሬዎች፣ ማለትም ጥይት የሚጎርስባቸው ቀዳዳዎች፣ ባዶ መሆናቸውን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያም መርፌው እንዳይጎዳ ለሙከራ የተሠሩ ባዶ ጥይቶችን አጉርሱ፣ ዝጉ፣ መጠበቂያውን አስሩ። መጠበቂያው ታስሮ ሳለ ምላጩን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡና ልቀቁ፤ ከዚያም ምላጩን ሳትነኩ መጠበቂያውን ፍቱ። መዶሻ ከወደቀ ጠመንጃውን መልሱት። አንድ ምላጭ ያለው ከሆነ ሳቡ፣ የመጀመሪያው መዶሻ ሲወድቅ ይሰማችኋል፤ ልቀቁና ደግማችሁ ሳቡ። በዚህ ስበት ሁለተኛው ከወደቀ አሠራሩ ሜካኒካል ነው። ካልወደቀ ግን ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍረዱ፤ በርግጫ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል የሰደፉን ጀርባ በመዳፋችሁ መታ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሦስት ስበት የሚጠይቀው አሠራርም በባዶ ሲሞከር ሁለተኛውን መዶሻ የሚለቀው በሦስተኛው ስበት ነው፤ ይህን የማያውቅ ገዢ ጤነኛ ጠመንጃ እንደ ሰባራ ቆጥሮ ሊተወው ይችላል። በመጨረሻም ጠመንጃውን አቀባብላችሁ፣ መጠበቂያውን ፈትታችሁ፣ የሰደፉን ጀርባ ለስላሳ ነገር ላይ ጠንከር አድርጋችሁ አሳርፉት፤ አንዳቸውም መዶሻ መልቀቅ የለበትም።

ከተቻለ በተፈቀደ የተኩስ ስፍራ በእውነተኛ ጥይት ሞክሩት፤ መጀመሪያ በአንድ ጥይት፣ ቀጥሎ በሁለት። በርግጫ የሚሠራ አንድ ምላጭ ከሆነ፣ ለመጠቀም ካሰባችሁት ጥይት ሁሉ ቀላሉን ይዛችሁ ሂዱ።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። በእግሩ እየተጓዘ በሜዳና በቁጥቋጦ አዕዋፍ ለሚያድን ሰው፣ ጎን ለጎን አፈሙዝ ካለው ጠመንጃ ጋር ሁለት ምላጭና ቀጥ ያለ ሰደፍ ይስማማዋል። ጊዜውን ሁሉ በሸክላ ዒላማ ላይ ለሚያሳልፍ፣ በየተኩሱ እጁን በአንድ ቦታ ማቆየት ለሚፈልግ ወይም ጓንት ለማያወልቅ ሰው ሜካኒካል የሆነ አንድ ምላጭ ይበልጠዋል። ሌላ ባለ አንድ ምላጭ ጠመንጃ ለብዙ ዓመት የተኮሰ ሰው ወደ ሁለት ሲሻገር፣ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ያንኑ ፊተኛ ምላጭ ደጋግሞ ሲስብ ራሱን ያገኘዋል። ይህ በልምምድ ይድናል፤ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በባዶ ጠመንጃ ሰደፉን ወደ ትከሻ እያነሡ እጅን ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ማንሸራተት በቂ ነው። ሁለቱን ምላጮች በሁለት ጣት ይዞ ለመፍጠን መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለቱ አፈሙዞች በአንድ ጊዜ እንዲተኮሱ የሚጋብዝ ከመሆኑም በላይ፣ በርግጫው ጊዜ ጣትን ያቆስላል።

አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከት። አንድ ምላጭ በውስጡ የሚይዛቸው ክፍሎች ብዙና ረቂቅ ናቸው፤ ቅባት ሲደርቅባቸው ወይም ጥርሳቸው ሲያልቅ ለማስተካከል የዚያን አሠራር ጠባይ የሚያውቅ ጠመንጃ ጠጋኝ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ባለሙያም በየቦታው አይገኝም። የሁለት ምላጭ ውስጥ ግን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ስላሉት ማንኛውም ጥሩ ጠጋኝ ያነበዋል። ሁለት ምላጭ ያለውን ጠመንጃ ወደ አንድ ለማስለወጥ የሚያስብም አለ፤ ይህን አልመክርም። አንድ ምላጭ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው በዚያ መንገድ ታስቦ የተሠራውን ይፈልግ፤ በእጁ ያለውንም ባለ ሁለት ምላጭ እንዳለ ይሽጠው።